የካሳው ብር ሲመጣ በቤት ውስጥ እንዴት እንነጋገር?

የዛሬው ወሬያችን ሰው በቤቱ እያለ ደፍሮ ስለማያነሳው ነገር ነው።

ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ታውቋቸዋላችሁ። ጤፍ የተዘራበት ማሳ መንገድና ፋብሪካ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለሉ። መሬት ሲወሰድ ለገበሬው ካሳ ይከፈላል። ታዲያ አንዳንዱ ቤት የሚናወጠው መሬቱ በሄደ ቀን አይደለም፤ ብሩ በመጣ ቀን ነው።

ይህ ምን ዓይነት ብር ነው? በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 እንዲህ አለ፦ መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ፣ ከንብረቱ ካሳ ሌላ፣ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ የዓመት ገቢ በ10 ተባዝቶ ይከፈለው። ይህ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1161 ተተካ። ነገሩ ግን ግልጽ ነው። የብዙ ዓመት እህል ነው በአንድ ቀን ጎተራ የገባው።

እስቲ እርሳስ አንሱ። 300,000 ብር ለ10 ዓመት ሲካፈል በዓመት 30,000 ነው። በወር 2,500 ብር። ሰባት ሰው ለሚበላበት ቤት ይህ ስንት ቀን ያዘልቃል? ቁጥሩን መጀመሪያ አብራችሁ እዩት። «የኔ ድርሻ» የሚለው ኋላ ይደርሳል።

አሁን አንድ ቤት እናስብ። አባት ደብተሩን ደብቋል። ትልቁ ልጅ «ባጃጅ ግዛልኝ» ይላል። እናት ዝም ብላለች። የተዳረችውን ልጅማ ማንም አያነሳት።

እናት ሆይ፣ ልመና አይደለም የያዝሽው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴት መሬትን በመጠቀም፣ በማስተዳደርና በውርስ ከወንድ እኩል ናት ይላል። ግን አነጋገር አለው። ከጠላ ቤት በተመለሰበት ማታ አትጀምሪ። «ብሩን የት አደረስከው?» ካልሽው ወደ መሐላ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። ቡናው ሲፈላ «የልጆቼ አባት፣ ደብተሩን አምጣውና አብረን እናንብበው» በይው። ማንበብ ችለሻላ!

አንተም ልጄ፣ ባጃጁን ስትጠይቅ ቁጥር ይዘህ ቅረብ። በቀን ስንት ያስገባል? ቤንዚኑስ? ሲበላሽ ማን ያሠራዋል? አባትህ «እምቢ» ቢል ለምን እንደሆነ ጠይቀው፤ ኩርፊያ ሒሳብ አይሠራም።

ካልተስማማችሁ ሽማግሌ ጥሩ። ሽማግሌ ስል መሬት የሚያሻሽጠውን ማለቴ አይደለም። ደላላ ሰፈሩን ሞልቶታል፤ ጋቢ የለበሰውም አለ። ሲሸመገል የተዳረችውም ልጅ ትጠራ፤ እሷ በሌለችበት የተቆረጠ ነገር ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል።

የተስማማችሁበትን በወረቀት አስፍሩት። ለቀለብ ይህን ያህል፣ ለትምህርት ይህን ያህል፣ የማይነካው ይህን ያህል እያላችሁ። እናትም አባትም ስማቸውን በእጃቸው ይጻፉ። ወረቀቱ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከእናት ሣጥን ይቀመጥ።