እውነት ወይስ ተረት? «ፀሐይዋ ካላሞቀች አትጎዳም»

ጥቅምት ላይ ጋቢ ደርቦ ደጅ የተቀመጠን ሰው «ጥላ ስር ግባ፣ ፀሐይዋ ትጎዳሃለች» ብትሉት መልሱን ታውቁታላችሁ፤ «የምን ፀሐይ? ብርዱ እያንቀጠቀጠኝ!» ይላችኋል። ፀሐይ ማለት የአፋርና የድሬዳዋ፣ የቆላው ነው፤ የደጋዋ ለመሞቅ ብቻ ነው ይባላል። አብዛኞቻችን ይህን እየሰማን አድገናል። ግን ልክ አይደለም። ልክ አለመሆኑንም ዛሬ በጥቂት ዶላር የሚገዛ፣ ከጥፍር የማይበልጥ ሴንሰር ያሳየናል።

እምነቱ ሥር የሰደደው ሰው ስላልተማረ አይደለም። ገላችን ራሱ ስለሚያሳስተን ነው። ቆዳችን የሚለየው ሙቀትንና ብርድን ነው፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት «ደረሰብኝ» የሚል ነርቭ የለውም። ደጋ ላይ ደግሞ ቀዝቃዛው ነፋስ ሙቀቱን ስለሚወስድልን፣ ቆላ ብንሆን በሩብ ሰዓት ሸሽተን ጥላ የምንፈልግበትን ፀሐይ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለን እንሞቀዋለን። ጉዳቱም የሚመጣው ዘግይቶ ነው። የቆዳ ቃጠሎ ከሰዓታት በኋላ፣ የዓይን ሞራ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው የሚታየው። በሽታው ሲመጣ ያንን የጥቅምት ረፋድ ማን ያስታውሰዋል?

እስቲ ድሬዳዋንና አዲስ አበባን እናስተያይ። ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሆኑ እኩለ ቀን ላይ የሚያዩት ፀሐይ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ አልትራቫዮሌቱ በ10 በመቶ ግድም ይጨምራል። ሰማዩ እኩል ከጠራ፣ ብርድ የሚሰማው የአዲስ አበባ ሰው ከላቡ ጋር ከሚታገለው የድሬዳዋ ሰው የበለጠ ጨረር ያርፍበታል ማለት ነው። የጨረሩ መለኪያ የዩቪ (የአልትራቫዮሌት) ኢንዴክስ ይባላል፤ የካናዳ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመሩት ነው። 3 ሲደርስ መከላከያ ያስፈልጋል፤ 11 እና ከዚያ በላይ እጅግ ከፍተኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ በብዙዎቹ ወራት፣ ሰማዩ በጠራ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ 11ን ማለፉ የተለመደ ነው።

«ደመና ነው» የሚለውም ብዙ አያስተማምንም። ጥቁር የክረምት ደመና ጨረሩን በእርግጥ ይቀንሰዋል፤ ስስ ደመና ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል።

«በስልኬ አያለሁ» የሚሉም አሉ። ስልኩ ላይ የሚመጣው ቁጥር የትንበያ ስሌት ነው እንጂ ስልኩ ራሱ የለካው አይደለም። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2014 ጋላክሲ ኖት 4 ላይ የዩቪ ሴንሰር ገጥሞ ነበር፤ ዛሬ በኪሳችን በያዝናቸው ስልኮች ላይ ግን ይህ የተለመደ አይደለም።

ታዲያ «የጥቂት ዶላር ዕቃ ምን ይለካል? መጫወቻ ነው» ይባላል። ጉቫ ኤስ12ኤስዲ የሚባለውን እንውሰድ። ውስጡ ከጋሊየም ናይትራይድ የተሠራ ትንሽ ፎቶዳዮድ አለ፤ ይህ ቁስ ሙቀቱንና ለዓይን የሚታየውን ብርሃን ትቶ ለአልትራቫዮሌት ብቻ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሽቦው ሦስት ነው፤ አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ኔጌቲቭ፣ ሦስተኛው ንባቡን ቮልቱን ወደሚያነበው፣ አርዱዪኖ ወደሚባለው ትንሽ ቦርድ የሚያደርስ። በየ0.1 ቮልቱ አንድ ኢንዴክስ እያሉ መቁጠር ነው፤ 1 ቮልት ካነበበ ኢንዴክሱ 10 ገደማ ነው። ዋጋው መርከሱ አያሳስብም። የሚያሳስበው ምን ዓይነት እንደሆነ ነው፤ ለምሳሌ ኤስአይ 1145 የሚባለው የዩቪ ሴንሰር ተብሎ ቢሸጥም አልትራቫዮሌትን በቀጥታ አያይም፤ ከሚታየው ብርሃንና ከኢንፍራሬድ ተነሥቶ ይገምታል። ስትገዙ ይህን ጠይቁ።

በተቃራኒው «ሴንሰሩ ካለ አለ» ብሎ ቁጥሩን እንዳለ መቀበልም ስሕተት ነው። ኢንዴክሱ ቆዳን አብዝቶ ለሚያቃጥለው ዩቪ ቢ ከፍተኛ ክብደት ይሰጣል፤ ርካሹ ሴንሰር ግን በአብዛኛው የሚያየው ዩቪ ኤ የሚባለውን ሌላውን የአልትራቫዮሌት ዓይነት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርሃኗ በኦዞን ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚያቋርጥ ዩቪ ቢው ቶሎ ይመናመናል፣ ዩቪ ኤው ግን ያን ያህል አይቀንስም። ስለዚህ በእኩለ ቀን የተስተካከለ ሴንሰር ወደ 10 ሰዓት ሲጠጋ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ይናገራል። ዝናብ እንዳይነካው በመስኮት መስታወት የሚሸፍኑትም ይሳሳታሉ፤ መስታወት ዩቪ ቢን ያስቀራል። ቧንቧ ሠራተኞች በቧንቧው ጥርስ ላይ የሚጠመጥሙት ነጩ ቴፍሎን፣ በስሱ ከተደረገ፣ ይሻላል። እሱም ጥቂት ስለሚቀንስ፣ ከሸፈናችሁት በኋላ ሰማዩ በጠራ እኩለ ቀን ከታመነ መለኪያ ጋር አስተያይታችሁ እንደገና አስተካክሉት።

«ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይፈራም» የሚለው ግማሽ እውነት አለው፤ ሜላኒን ቆዳን በብዙ ይከላከላል። ዓይንን ግን አይሸፍንም። አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆቻችን ደግሞ ይህ መከላከያ ስለሌላቸው ለቆዳ ካንሰር የተጋለጡ ናቸው፤ እነሱን «ዛሬ ብርድ ነው፣ ውጣ ተጫወት» ማለት ትልቅ በደል ነው። አንድ ትምህርት ቤት ግቢው ውስጥ እንዲህ ያለ ሴንሰር ቢሰቅል ስፖርቱን ወደ ጠዋት 2 ሰዓት ለማዞር፣ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ መቼ እንደሚያስፈልግ ለመወሰን ይበቃዋል። በጠዋትና በማታ አብዝቶ ማንበቡም ለእነዚህ ልጆች ክፋት የለውም፤ ስሕተቱ ወደ ጥንቃቄ ያደላ ነው።