የታመመ ሕፃን የለም፤ ቫይረሱ ግን አለ

እ.ኤ.አ. በ2013 ግንቦት ማብቂያ ላይ፣ ደቡብ እስራኤል ኔጌቭ በረሃ ውስጥ ካለችው የራሃት ከተማ በተወሰደ የፍሳሽ ናሙና የፖሊዮ ቫይረስ መገኘቱ ተነገረ። የሚያስገርመው ቫይረሱ መገኘቱ ብቻ አልነበረም። ሽባ የሆነ አንድም ሕፃን አልታየም፤ አብዛኞቹ ልጆችም ክትባታቸውን በወጉ ወስደዋል።

ታዲያ ክትባቱ ከሽፎ ነበር?

አልከሸፈም። እስራኤል ከ2005 ጀምሮ ለልጆቿ ትሰጥ የነበረው የፖሊዮ ክትባት የመርፌው ብቻ ነበር። ይህ ክትባት ደም ውስጥ በሚፈጥረው መከላከያ ቫይረሱ ወደ ነርቭ እንዳይደርስ ያግዳል፤ ልጁን ከሽባነት ያድነዋል። አንጀት ውስጥ የሚፈጥረው መከላከያ ግን ደካማ ነው። ስለዚህ የተከተበ ልጅ ምንም ሳያመው ቫይረሱን በሰገራው ሊያወጣና ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል። ራሃት ላይ የሆነው ይኸው ነው።

የመርፌውን ክትባት የሠራው ዮናስ ሳልክ ሲሆን ውጤታማነቱ የታወጀው በ1955 ነው። አልበርት ሳቢን ደግሞ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ የያዘውን፣ በአፍ የሚሰጠውን ጠብታ አዘጋጀ። ጠብታው በተፈጥሮው ቫይረስ መንገድ ስለሚሄድ አንጀትን ራሱን ያስታጥቃል፤ ስርጭቱንም ይገታል። እስራኤል በነሐሴ 2013 ወደ ጠብታው ተመለሰች። በመርፌ ብቻ የተከተቡ ልጆች ሁለት ሁለት ጠብታ ወሰዱ፤ በቀጣዩ ዓመት ቫይረሱ ከፍሳሹ ጠፋ።

በዚያው በ2013 ፖሊዮ፣ ማለትም የልጅነት ልምሻ፣ ከሶማሊያ ተሻግሮ የኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ገባ። በዶሎ ዞን ሕፃናት ሽባ ሆኑ። ምላሹ የቤት ለቤት ዘመቻ ነበር። ከታቢዋ የክትባት ሳጥኗን አንግታ ከደጅ ደጅ ትዞራለች፤ የሕፃኑን ጉንጭ ጫን አድርጋ አፉን ታስከፍትና ሁለት ጠብታ ታንጠባጥባለች፤ እንዳይዘለል ወይም እንዳይደገም ትንሿ ጣቱ ላይ በቀለም ምልክት ታደርጋለች። በኢትዮጵያ በተፈጥሮው ቫይረስ የታመመ የመጨረሻው ሰው የተመዘገበው በጥር 2014 ነው።

ጠብታው ግን ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ብዙ ልጆች ሳይከተቡ በሚቀሩበት አካባቢ የተዳከመው ቫይረስ ከሰው ሰው ሲዘዋወር ቆይቶ ኃይሉን ሊመልስ ይችላል። በ2019 ሶማሌ ክልል ውስጥ የታየው ወረርሽኝ ከዚህ የመነጨ ነበር። ኢትዮጵያ በመደበኛው ክትባት ጠብታውንም መርፌውንም የምትሰጠው ለዚህ ነው፤ አንዱ ስርጭቱን ይገታል፣ ሌላው ልጁን ከሽባነት ይጠብቃል።

ክትባት በሽታን ያቆማል ወይስ ስርጭቱን ይቀንሳል ብሎ በጅምላ መጠየቅ የማያስኬደውም ለዚህ ነው። የፈንጣጣ ክትባት፣ ሕሙማንን እየፈለጉ በዙሪያቸው ያሉትን ከመከተብ ጋር ተዳምሮ፣ በሽታውን ከምድር አጥፍቷል፤ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በ1976 ባሌ ውስጥ ነው። የኩፍኝ ክትባት ሁለት ጊዜ ሲሰጥ 97 በመቶ ያህል ይከላከላል፤ ከማኅበረሰቡ 95 በመቶው ከተከተበ ስርጭቱ ይቆማል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ደግሞ የሚጠብቀው የተከተበውን እንጂ ማኅበረሰቡን አይደለም፤ በሽታው መጀመሪያውንም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

በኮቪድ ጊዜ ሕዝብ ግራ የተጋባው ይህ ልዩነት በግልጽ ስላልተነገረው ነው። የፋይዘር ክትባት ዋና ሙከራ የመዘነው ሰው ምልክት ባለው ኮቪድ መታመሙን እንጂ ለሌላ ማስተላለፉን አልነበረም። ብዙ ባለሥልጣናት ግን የተከተበ ሰው እንደማያስተላልፍ አድርገው ተናገሩ። በሐምሌ 2021 በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ፣ ፕሮቪንስታውን ላይ በተነሳው ወረርሽኝ ከተመዘገቡት 469 ሕሙማን 74 በመቶው ሙሉ ክትባት የወሰዱ ሆነው ተገኙ። የሞተ አልነበረም፤ ሆስፒታል የገቡትም 5 ብቻ ነበሩ። ክትባቱ ሕይወት አትርፏል፤ የተጎዳው ከልክ ያለፈ ተስፋ የተሰጠው ሕዝብ እምነት ነው።

እምነት ሲጎድል ዳፋው ለኩፍኝና ለፖሊዮ ክትባትም ይተርፋል። ስለዚህ የጤና ባለሥልጣናት እያንዳንዱ ክትባት ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ሳይሸፋፍኑ ይንገሩን። ወላጆችም የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ ጠብታው በተወለዱ ሰሞን፣ ከዚያም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። የጎደለ ካለ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።