ገልባጭ መኪና ሲያራግፍ እንዳይወድቅ፤ መሬቱን የሚመርጠው ማን ነው?

ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን አሸዋና ድንጋይ የሚመጣበት፣ ወይም ለአሲዳማ አፈር የታዘዘው ኖራ የሚደርስበት ቀን በገጠር ቀበሌ ትንሽ በዓል ይመስላል። የመኪናው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ልጆች ይሮጣሉ፤ ሽማግሌዎች ከአጥር ጥግ ብቅ ይላሉ፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ንብረት ያዡና የልማት ሠራተኛው ይሰበሰባሉ። ሾፌሩ አንገቱን በጋቢናው መስኮት አውጥቶ «የት ላራግፍ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱም በዱላው «እዚያ ነው!» ብሎ ያመለክታል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው በዱላ ስለተጠቆመችው ስለዚያች ቦታ ነው።

ገልባጭ መኪና በሚያራግፍበት ጊዜ ወደ ጎን ሲወድቅ ሰው ሁሉ ጥፋቱን የሚፈልገው ከሾፌሩ ወይም ከመኪናው ነው። የሾፌር ስሕተት፣ ያረጀ ባሌስትራ ወይም የለሰለሰ ጎማ ምክንያት መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ሾፌሩ የሚያውቀው መኪናውን ነው። መሬቱን፣ ይኸውም የትኛው ቦታ ውኃ እንደሚቋጥር፣ የትኛው ጉድጓድ መቼ እንደተደፈነ የሚያውቀው ገበሬው ነው። በመሆኑም ማራገፊያውን የመምረጥና የማዘጋጀት ኃላፊነት የተቀባዩ ማኅበር እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቀበሌው የመጣው ሾፌር ሊሆን አይገባም።

አደጋው የሚፈጠርበትን መንገድ በአጭሩ እንመልከት። ባለ 10 ጎማ ገልባጭ 16 ሜትር ኩብ አሸዋ ቢጭን ጭነቱ ወደ 250 ኩንታል ይጠጋል። መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ይህ ክብደት ከመሬት ብዙ ሳይርቅ በካሶኒው ውስጥ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ካሶኒው በክሪኩ ተገፍቶ ሲነሣ ግን፣ አሸዋው መፍሰስ እስኪጀምር ድረስ፣ ጭነቱ በሙሉ አብሮ ወደ ላይ ይወጣል። የኋላ ጎማዎች ስፋት ከዳር እስከ ዳር ወደ 2 ሜትር ተኩል ስለሚሆን ክብደቱ ወደ ጎን ሊሄድ የሚችለው ከመሐል አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የአንድ ወገን ጎማ በ20 ሳንቲ ሜትር ቢሰምጥ፣ ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ክብደት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደዚያው ይዘማል። በዚህም አያበቃም። ባሌስትራውና ጎማው በዘመመው ወገን ይበልጥ ይጨመቃሉ፤ ጎማው የባሰ ይሰምጣል፤ አሸዋውም ወደዚያው ያደላል። አንዱ ሌላውን እየጠራ መኪናው ሲወድቅ ሾፌሩ ማሰቢያ ጊዜ አያገኝም።

በእንግሊዝ አገር የመንገድ ትራንስፖርት መሐንዲሶች ለገልባጭ መኪና ያወጡት የመረጋጋት ፈተና አለ። መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ካሶኒው እስከ መጨረሻው ተነሥቶ፣ ወደ ጎን እንዲያዘነብል ይደረጋል። ለደልዳላ ቦታ የሚውለው 5 ዲግሪ፣ ለአስቸጋሪ ቦታ የሚውለው 7 ዲግሪ ችሎ መቆም አለበት። 5 ዲግሪ ማለት በ1 ሜትር ስፋት 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ነው፤ ከአንድ እጅ መዳፍ ብዙ አይበልጥም። ፈተናው የሚደረገው ደግሞ በማይሰምጥ ወለል ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስ። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር የሚደርሰውን መንገድ ይዞ የመጣ መኪና ችግር የሚገጥመው ዋናውን መንገድ ለቆ ወደ ቀበሌው ሲታጠፍ ነው። ችግሩም በሁለቱ ወረዳዎች አንድ ዓይነት አይደለም።

በቢቸና ዙሪያ ጠላቱ ጥቁሩ አፈር ነው። ለጤፉ የተመሰገነው ዋልካ ለመኪና አይታመንም። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም እጅ ያስገባል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ውኃው በስንጥቁ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያም 2 ወይም 3 ቀን ፀሐይ ሲወጣ ላዩ ይደርቅና ጠንካራ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን እንደ ጭቃ ነው። በእግር የሄደበት ሰው ምንም አይሰማውም። ባዶ መኪናም ሊያልፍበት ይችላል። ካሶኒው ተነሥቶ ክብደቱ ሁሉ በኋላ ጎማዎች ላይ ሲያርፍ ግን ቅርፊቱ ይበሳል። የሚበሳውም ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ነው።

በዚህ ረገድ ሰውን የሚያታልለው አውድማ ነው። ሜዳ ነው፣ ተስተካክሏል፣ በእበት ተለቅልቋል፣ ለዓይንም ያምራል። ነገር ግን አውድማ የተሠራው ለበሬ ኮቴ እንጂ ለ250 ኩንታል አይደለም፤ ጥንካሬውም ከላዩ ካለው ስስ ቅርፊት አያልፍም። አውድማ ላይ እንዲራገፍ የሚፈቅድ ማኅበር አውድማውንም ማጣቱ አይቀርም።

መሬቱን ለመፈተሽ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የኋላ ጎማዎች በሚያርፉበት ቦታ በግራም በቀኝም ዲጂኖ ይተከል። በአንድ ሰው ጉልበት ያለ ብዙ ችግር ከአንድ ስንዝር በላይ ከገባ ቦታው ለማራገፊያ አይሆንም። በአንዱ ወገን እምቢ ብሎ በሌላው ወገን ከገባ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የተደፈነ ጉድጓድ፣ አሮጌ መጸዳጃ ቤትና የቧንቧ መሥመር ያለበትን ለመለየት የአካባቢውን ሽማግሌ መጠየቅ ይበቃል።

በሞጣ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጡት ቀበሌዎች ዋናው አደጋ ተዳፋት ነው። አፈሩ ቀይና ጠንካራ ሊሆን ይችላል፤ ደልዳላ ቦታ ግን ይጠፋል። ሾፌሩም ዕድል ሲያጣ የመንገዱን ጠርዝ ይይዛል። መንገድ ውኃ እንዲያንጠፈጥፍ መሐሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ስለሚሠራ፣ ጠርዙን የያዘ መኪና ካሶኒውን ከማንሣቱ በፊት ወደ ቦዩ አዘንብሏል። እዚህ ላይ የልማት ሠራተኛው በእጁ ያለውን መሣሪያ ማስታወስ ይኖርበታል። ለእርከን ሥራ የሚጠቀምበት ውኃ ልክ፣ ሲባጎና ሁለት ባለ ምልክት እንጨት ለዚህም ያገለግላሉ። መለኪያው መኪናው በሚቆምበት አቅጣጫ አግድም ይያዝ። በ5 ሜትር ርቀት ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ዝቅታ ከተገኘ ቦታው ይደልደል ወይም ይተው። ይህ መጠን ከላይ ከጠቀስነው ፈተና በጣም ያነሰ የሆነው መሬቱ ሊሰምጥ እንደሚችል በማሰብ ነው። ከተዳፋት ማምለጥ ካልተቻለ መኪናው ተዳፋቱን አቋርጦ ሳይሆን ሽቅብና ቁልቁል ይዞ ይቁም፤ ይህም ቢሆን ቀላል ለሆነ ተዳፋት ብቻ ነው። ኃይለኛ ነፋስ በሚነፍስበት ሰዓት ካሶኒ ባይነሣ ይሻላል።

እርግጥ ነው፣ ገበሬው ኖራው ከማሳው ጥግ እንዲራገፍለት ቢፈልግ አይፈረድበትም። ለ1 ሄክታር 30 ኩንታል ኖራ ቢታዘዝለት፣ በአህያ 50 ኪሎ ግራም እየተጫነ 60 ጭነት ይሆናል። ይህን ድካም የማያውቅ ሰው «ከመንገድ ዳር ተሸከሙ» ማለት ይቀለዋል። ስለሆነም ማኅበሩ ከጠንካራው ማራገፊያ እስከ ማሳ ድረስ ጋሪ የሚከራይበትን ወጪ አስቀድሞ በሒሳቡ ውስጥ ቢያስገባ፣ ከተቻለም ኖራው በጆንያ ታሽጎ በተራ የጭነት መኪና እንዲመጣ ቢዋዋል ይመረጣል። በጆንያ የመጣ ኖራ ካሶኒ ማንሣት አይጠይቅም።

ልቅ ሆኖ የመጣ ኖራ ሌላም ጠባይ አለው። በመንገድ ላይ ዝናብ ከነካው ይጣበቃል። ካሶኒው ተነሥቶ ግማሹ ሲወርድ ግማሹ ከአንድ ጥግ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሚዛኑም ወደዚያ ወገን ይሄዳል። ርጥብ ገረጋንቲም እንደዚሁ ነው። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሾፌሮች ካሶኒውን እንዳነሡ ወደ ፊት ሄድ እያሉ ፍሬን በመምታት ጭነቱን ለማራገፍ ይሞክራሉ። ረዳቱም አካፋ ይዞ ይወጣል። ሁለቱም ፈጽሞ ሊፈቀዱ አይገባም። ካሶኒው ቀስ ብሎ ይውረድ፤ የተጣበቀው ካሶኒው መሬት ከያዘ በኋላ በአካፋ ይላላ። የኋላው ስፖንዳ መከፈቱም ካሶኒው ከመነሣቱ በፊት ይረጋገጥ። ስፖንዳው ተዘግቶ ከቀረ ጭነቱ ሁሉ ከላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራልና።

ስለ ሰዎች ደግሞ ጠንከር ብለን እንናገራለን። መኪና ቢወድቅ በገንዘብ ይነሣል። ካሶኒው ሲነሣ በመኪናው ግራና ቀኝ ማንም ሰው መቆም የለበትም፤ ሁሉም ቢያንስ 15 ሜትር ይራቅ። ልጆችን የሚያርቅ አንድ ሰው ስሙ ተጠርቶ ይመደብ፤ «ሁላችሁም ጠብቁ» ከተባለ የሚጠብቅ አይገኝም። ምልክት የሚሰጠውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ከፊት ለፊት ርቆ፣ ሾፌሩ በሚያየው ቦታ ይቁምና የካሶኒውን አናት ከጋቢናው ጋር እያስተያየ ይመልከት። ካሶኒው ወደ አንድ ጎን ዘመም ያለ በመሰለው ጊዜ እጁን ወደ ታች ያወርዳል፤ ሾፌሩም ያለ ክርክር ካሶኒውን ያወርዳል። መኪናው መውደቅ ከጀመረ ሾፌሩ ቀበቶውን እንዳሰረ ከጋቢናው ውስጥ ይቆይ እንጂ በር ከፍቶ አይዝለል። በዘለለበት በኩል መኪናው ይወድቅበታልና።

የኤሌክትሪክ መሥመር ባለበት ቀበሌ አንድ ነገር እንጨምር። የተነሣ ካሶኒ አናቱ ከ6 ሜትር በላይ ይደርሳል። በገጠር የሚያልፈው መሥመር 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት የሚሸከም ስለሆነ ከሥሩ ማራገፍ አይገባም። ካሶኒው ሽቦ ከነካ ሾፌሩ ኃይሉ መቋረጡ እስኪረጋገጥ ከጋቢናው አይውረድ፤ ማንም ሰው ሊረዳው ብሎ መኪናውን አይንካ። እሳት ተነሥቶ መውረድ ግድ ከሆነ መኪናውንና መሬትን በአንድ ጊዜ ሳይነካ ሁለት እግሩን ገጥሞ ይዝለልና እግሮቹን ሳያለያይ ይራቅ።

በየዓመቱ አሸዋም ሆነ ኖራ የሚቀበል ማኅበር አንድ ቋሚ ማራገፊያ ሜዳ ቢያዘጋጅ ድካሙ የአንድ ጊዜ ነው። ቦታው ከመንገድ አጠገብ ይመረጥ፤ ላዩ ያለው ጥቁር አፈር ተጠርጎ ይውጣ፤ ድንጋይና ገረጋንቲ ተነጥፎ ይጠቅጠቅ። ለስንዴ ማሳ ውኃ ማጠንፈፊያ ቦይ እንደምናወጣ ሁሉ በሜዳው ዙሪያም ቦይ ይቆፈር፤ ቦዩ ግን ጎማ ከሚያርፍበት ጠርዝ ይራቅ። ዳርና ዳሩ ነጭ ቀለም በተቀቡ ድንጋዮች ይከለል። ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ በዲጂኖ ይፈተሽ። ዋልካ ባለበት ቀበሌ በሐምሌና በነሐሴ ማራገፊያው ባይከፈት ይመረጣል፤ ለመኸሩ የሚያስፈልገው ኖራ ከመዘራቱ ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ስላለበት፣ ትእዛዙ ከሚያዝያ ሳያልፍ ተሰጥቶ ጭነቱ ክረምቱ ከመጥበቁ በፊት መግባት ይኖርበታል።