ኪሎው አልወርድ ሲል

በማዕከላዊ ለንደን፣ ከሴንት ጄምስ ቤተ መንግሥት አጠገብ፣ በሴንት ጄምስ ጎዳና ቁጥር 3 አንድ ጥንታዊ የወይን ጠጅ መሸጫ አለ። ቤሪ ብራዘርስ ኤንድ ራድ ይባላል። በ1698 (ቀናቱም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ሲከፈት የሚሸጠው ወይን ሳይሆን ቡናና ቅመማ ቅመም ነበር፤ የቡና መመዘኛ የነበረው ትልቅ ሚዛንም ዛሬ ድረስ ሱቁ ውስጥ ይታያል። ከ1765 ጀምሮ ግን በዚያ ሚዛን ላይ ደንበኞቹ ራሳቸው ይቀመጡበት ጀመር። የሰው ሚዛን እንደ አሁኑ በየቤቱ ስላልነበረ መኳንንቱና የከተማው ዘናጮች ብቅ እያሉ ይመዘናሉ፤ ክብደታቸውም በትልልቅ መዝገቦች ይጻፋል። ባለቅኔው ሎርድ ባይረን በ1806 ሲመዘን 88 ኪሎ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ከ20 ኪሎ በላይ አራገፈ። ዘዴው ግን አያስቀናም፦ ደረቅ ብስኩት በሶዳ ውሃ፣ ኮምጣጤ የፈሰሰበት ድንች፣ ለማላብ ተብሎ የሚደረብ ሱፍ። ዕድሜውን ሙሉም ሲከሳና ሲወፍር ኖረ።

ለዛሬ ጉዳያችን የሚጠቅመን ግን በዚያው ጎዳና የቀብር ማስፈጸሚያ ድርጅት የነበረው ዊልያም ባንቲንግ ነው። ቤተሰቡ የእንግሊዝ ነገሥታትንና የዌሊንግተንን መስፍን ቀብር ያሰናዳ ስመ ጥር ቤተሰብ ነው። በነሐሴ 1862፣ 66 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ቁመቱ 165 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ ወደ 92 ኪሎ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አይችልም። ደረጃ የሚወርደው ጉልበቱን እየፈራ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው። ከዚያ በፊት ያልሞከረው አልነበረም፤ ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ጀልባ ሲቀዝፍ ቆይቶ ጉልበቱ ቢጠነክርም የምግብ ፍላጎቱ አብሮ ስለጨመረ ውፍረቱ ባሰበት። በመጨረሻ ጆሮው አልሰማ ሲለው ዊልያም ሃርቪ ወደሚባል የጆሮ ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ ፓሪስ ላይ የሳይንቲስቱን የክሎድ በርናርድን ትምህርት ሰምቶ የተመለሰ ሰው ስለነበር ችግሩ ውፍረቱ ነው አለውና ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራ፣ ድንች፣ ወተትና ቅቤ ከለከለው። ወይን ጠጅ ግን ፈቀደለት፤ ያውም በለጋስ እጅ።

ባንቲንግ በ1863 ልምዱን በትንሽ መጽሐፍ ጽፎ በራሱ ወጪ አሳተመና በነፃ አደለው። ስለ አመጋገቡ ዛሬም ክርክር አለ። እኔን የሚገርመኝ ግን ገጾቹ መካከል ያለው ሠንጠረዥ ነው፤ በየሦስት ሳምንቱ ገደማ እየተመዘነ ቁጥሩን ጽፎታል። በአንድ ዓመት ከጥቂት ቀናት ወደ 21 ኪሎ ወርዷል፤ ወገቡም በ31 ሳንቲሜትር ጠቧል። ለሳምንት ሲካፈል 400 ግራም አይሞላም! ዛሬ በየስልኩ ላይ «በወር 10 ኪሎ» ለሚያየው ሰው ይህ እንደ መቆም ይቆጠራል። በመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ቁጥሩ ከነጭራሹ ወደ መቆሙ ተቃርቧል። ሰውዬው ግን ያንን እንደ ውድቀት አላየውም፤ 81 ዓመቱ ድረስ ኖሮ በ1878 ሞተ።

ኪሎ ለምን እየዘገየ ይወርዳል? መጀመሪያ ስለ መጀመሪያው ሳምንት እንነጋገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነውና። ጉበትና ጡንቻ ከምንበላው እንጀራና ዳቦ ያገኙትን ስኳር ግላይኮጅን አድርገው ያከማቻሉ፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ሲቀነስ ቀድሞ የሚያልቀው ይህ ክምችት ስለሆነ ሚዛኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ሁለት ኪሎ ቢወርድ አብዛኛው ውሃ ነው። አንድ ምሽት ጨው የበዛበት ምግብ ከተበላም በማግስቱ ኪሎው ተመልሶ ይገኛል፤ እሱም ውሃ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የጨፈረ፣ በሦስተኛው ወር ያዘነ ሰው ሁለቱንም ጊዜ የተሳሳተ ነገር ሲለካ ነበር ማለት ነው።

ከውሃው በኋላ ስቡ ራሱ መቅለጥ ሲጀምር ሌላ ነገር ይመጣል። የቀለለ ሰውነት ለመራመድም፣ ለመቀመጥም፣ ለመተኛትም የሚያስፈልገው ኃይል ያንሳል። ስለዚህ በ95 ኪሎ ጊዜ የሚያከሳ የነበረው ሳህን በ82 ኪሎ ላይ ክብደትን ባለበት የሚያቆይ ሳህን ይሆናል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬቨን ሆል ከባልደረቦቹ ጋር በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው ስሌት፣ አንድ ሰው ከዕለት ምግቡ 24 ካሎሪ ያህል ቢቀንስና በዚያው ቢጸና መጨረሻ ላይ 1 ኪሎ ይቀንሳል፤ ግማሹን ለማየት አንድ ዓመት፣ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ለማየት ሦስት ዓመት ይፈጃል። በእኛ ማዕድ እናስላው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት 240 ካሎሪ ገደማ ነው። ከዕለት ወጥ ድርሻው ይህን ያህል ዘይት ያስቀረ ሰው ውሎ አድሮ 10 ኪሎ ይወርዳል፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን የሚያየው 5 ኪሎ ነው። ሌላ ምንም ሳያጠፋ!

ረሃቡስ? በ1994 ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን ሲገኝ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጓዝ አለመሆኑ ታወቀ። የስብ ሕዋሳት በሌፕቲን አማካይነት ለአንጎል «ስንቅ አለን» እያሉ መልእክት ይልካሉ፤ ስቡ ሲቀንስ መልእክቱም ይቀንሳል፤ አንጎልም ጾታና ዕድሜ ሳይለይ ምግብ ምግብ ይላል። በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 50 ወፍራም ሰዎችን ለ10 ሳምንት በጥብቅ አመጋገብ አክስቶ ሆርሞኖቻቸውን ለካ። ከአንድ ዓመት በኋላም የረሃብ ሆርሞኖቹ ከፍ እንዳሉ፣ የጥጋቦቹ ደግሞ ዝቅ እንዳሉ ነበሩ። አንድ ዓመት ሙሉ ሰውነት የጎደለበትን ይጠይቃል። «ሆዳም ሆንኩ» ብሎ ራሱን ለሚረግም ሰው ይህ ሊነገረው ይገባል ባይ ነኝ።

ዛሬ የሁሉም አፍ ላይ ያሉት መርፌዎች፣ ኦዜምፒክና ዌጎቪ፣ የሚሠሩት ለአንጎል የሚላከውን የጥጋብ መልእክት በመንካት ነው፤ የታሪካቸው አንዱ ክፍልም ለንደን ውስጥ ነው። በምዕራብ ለንደን ሐመርስሚዝ ሆስፒታል የስቲቨን ብሉም ቡድን በ1996 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ እንዳሳየው፣ ጂኤልፒ-1 የሚባለው የአንጀት ሆርሞን በአይጦች አንጎል ውስጥ ሲገባ መብላት ይቀንሳሉ። በ2021 የወጣው ትልቅ ሙከራ ላይ የእነዚህ መርፌዎች ንጥረ ነገር የሆነውን ሴማግሉታይድን የወሰዱት በ68 ሳምንት በአማካይ 14.9 በመቶ ክብደታቸውን ቀነሱ። እነርሱም ቢሆኑ ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ኪሎው ቆመባቸው፤ መድኃኒቱን ካቆሙት መካከል ክትትል የተደረገላቸው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መለሱት። መርፌውም ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

እንግዲህ የሚዛኑ ቁጥር በተፈጥሮው የሚዘገይ ከሆነ፣ ለዓመታት በሚዘልቅ ጉዞ ላይ ሰው በምን ይበረታታ? አንዱ መልስ ከኪሎው ጀርባ ያለውን መመልከት ነው። በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ በሮይ ቴይለርና በማይክ ሊን መሪነት የተካሄደው ዳይሬክት የተባለው ጥናት በ2017 ሲታተም፣ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት 86 በመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም ወሰን በታች ሆነ። ከ10 እስከ 15 ኪሎ በቀነሱት 57፣ ከ5 እስከ 10 በቀነሱት 34፣ ከ5 ኪሎ በታች በቀነሱት 7 በመቶ። (የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ያለ ሐኪም እንዳይሞክረው፤ መጠኑ ካልተስተካከለ ስኳሩ ወይም ግፊቱ አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊወርድ ይችላል።) ሕመሙ ገና ያልያዛቸው ግን የተቃረቡ ሰዎች ላይ በአሜሪካ የተደረገው ጥናት ደግሞ እያንዳንዱ የተቀነሰ ኪሎ በስኳር የመያዝ ዕድልን በ16 በመቶ እንደሚያወርድ አሳይቷል። መስታወት ፊት የማይታየው ሦስተኛው ኪሎ በደም ውስጥ ይታያል።

ሁለተኛው መለኪያ የስፌት ሜትር ነው። የለንደን አውቶቡስ ታሪክ እዚህ ይገባል። ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም በ1953 ባሳተመው ጥናት፣ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ላይ ቀኑን ሙሉ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ትኬት ቆራጮች ከተቀማጮቹ ሾፌሮች ያነሰ የልብ ሕመም እንደሚደርስባቸው አሳየ። ታዲያ ሾፌሮቹ መጀመሪያውኑ ወፍራም ስለነበሩ ይሆን? ሞሪስና ባልደረቦቹ ይህን ለማጣራት የሄዱት ወደ ደንብ ልብስ ክፍሉ ነው! በ1956 ያወጡት ጽሑፍ የሱሪዎቹን የወገብ ልክ ያነጻጸረ ነበር፤ የሾፌሮቹ ሰፋ ያለ ነው። ትኬት ቆራጮቹ ግን ቀጭኑም ወፍራሙም ከሾፌሮቹ የተሻለ ልብ ነበራቸው። ኪሎው ባይወርድም ደረጃው ሥራውን ይሠራ ነበር ማለት ነው። በለንደን መሪ ጨብጠው ለሚውሉ ብዙ ወገኖቻችን ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አሁን የሚመክረው ቀላል ነው፦ ወገብ ከቁመት ግማሽ ይነስ። ቁመቱ 168 የሆነ ሰው ከ84 ሳንቲሜትር በታች። ለእኛ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። አፍሪካዊ ትውልድ ያላቸው ሰዎች በዝቅተኛ ክብደትም ለስኳር ስለሚጋለጡ፣ የክብደትና የቁመት ንጽጽሩ፣ ማለትም ቢኤምአይ የሚባለው፣ ለእኛ ከ23 ጀምሮ ማስጠንቀቂያ፣ ከ27.5 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ውፍረት ተብሎ ይቆጠራል፤ ለነጮቹ 25 እና 30 ነው።

ችግሩ ማኅበራዊው ሚዛናችን በተቃራኒው መመዘኑ ነው። ለንደን ውስጥ ክርስትና ወይም ለቅሶ ቤት 8 ኪሎ ቀንሳ የገባች ሴት የሚቀበላት «ጎበዝ» የሚል አይደለም። «ምነው እንዲህ ከሳሽ? አመመሽ እንዴ? እዚህ አገር ምግብ የለም?» ነው፤ ከዚያ «በሞቴ» ተብሎ ጉርሻ ይከተላል። አሳቢነት ነው፤ ረሃብና ሕመም የኖረባት አገር ልጆች መክሳትን ብንፈራ አይገርምም። ጾሙም እንደሚታሰበው አያከሳም። የሁዳዴ 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ቢያስቀርም ሳምቡሳውና በዘይት የታሸው ፍርፍር በቦታቸው አሉ። የለንደን ቺፕስ የጾም ነው፤ ካሎሪው ግን አይጾምም። ጾሙ ለማክሳት አልተሠራም፤ ለዚያ ከተጠቀሙበትም ፋሲካ በአንድ ሳምንት ይመልሰዋል።

ስለዚህ የሚጠቅመው አይዞሽ ከየት ይምጣ? በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 1,032 ሰዎች ቢያንስ 4 ኪሎ ከቀነሱ በኋላ በሦስት ከፍሎ ተከታተላቸው። ብቻቸውን የተተዉት በ30 ወር 5.5 ኪሎ መለሱ። በወር አንዴ፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ በስልክ፣ የሚያናግራቸው ሰው የነበራቸው 4 ኪሎ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በአብዛኛው በወር ጥቂት ደቂቃ በሚፈጅ የስልክ ወሬ የተገኘ መሆኑ ሲታሰብ ግን ትንሽ አይደለም። ለነገሩ እኛ በስልክ ማን ይስተካከለናል? ጥያቄው ብቻ ይቀየር፤ «ስንት ኪሎ ቀረሽ?» ከሚለው ይልቅ «ዛሬ ወጥተሽ ተራመድሽ?» ይባል፤ ሁለተኛው በራሷ እጅ ያለ ነገር ነውና።

ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን አንድ አዲስ ነገር በየቀኑ በተመሳሳይ ሁኔታ እንዲያደርጉ አድርገው ልማድ እስኪሆን ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ለኩ፤ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ከእራት በፊት ትንሽ መሮጥ የመሳሰለውን። መካከለኛው ግምት 66 ቀን ነበር፤ ከሰው ሰው ግን ግምቱ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ስፖርት ልማድ እስኪሆን ከምግቡ የበለጠ ጊዜ ፈጀ። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰም፤ «አንዴ አበላሸሁት» ብሎ ሁሉን የሚተው ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

በዚህ አስተሳሰብ የተሠራ የሚመስል ነገር በዚያው በለንደን ጥግ፣ ቡሺ ፓርክ ውስጥ ተጀምሯል። ጥቅምት 2 ቀን 2004 ፖል ሲንተን-ሂዊት 13 ሯጮች ሰብስቦ 5 ኪሎ ሜትር አስሮጠ። ዛሬ ፓርክራን ተብሎ በብዙ አገር አለ፤ ነፃ ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ በየቅዳሜው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀመራል፣ መራመድም ይቻላል። ሁልጊዜ ከሁሉ ኋላ የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ ስላለ የመጨረሻ ሆኖ የሚገባ ተሳታፊ የለም። ደረጃው የሚቆጠረው በመገኘት ነው፦ 25ኛውን የጨረሰ ወይን ጠጅማ፣ 50ኛውን ቀይ፣ 100ኛውን ጥቁር፣ 250ኛውን አረንጓዴ፣ 500ኛውን ሰማያዊ ቲሸርት ይለብሳል። ሃያ አምስተኛ ቅዳሜውን በእግሩ ተራምዶ አንድ ሰዓት የፈጀበትም፣ በሃያ ደቂቃ የጨረሰውም የሚለብሱት ቀለም አንድ ነው፤ በር ላይ ሚዛን የለም።