የአነስተኛ አውቶሞቢሎች ምቹነትና ደህንነት በፒያሳ ዳገቶች

አዲስ አበባ፦ በአራዳና በፒያሳ አነስተኛ አውቶሞቢል እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 መመረት የጀመረውና በጣሊያንኛ ስሙ «ሴይቼንቶ» የሚባለው ፊያት 600፣ ርዝመቱ ከ3 ነጥብ 3 ሜትር ያነሰ በመሆኑ ለጠባቦቹ መንገዶች የተመቸ ታክሲ ነበር። ዛሬ በመዲናዋ በብዛት የሚታየው ቶዮታ ቪትዝ ነው። ነዳጅ ስለሚቆጥብና ለማቆሚያ ሰፊ ቦታ ስለማይፈልግ ተመራጭ ነው።

ይሁንና የከተማዋ አቀማመጥ ከግምት ሊገባ ይገባል። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ባለ አንድ ሊትር ሞተር መኪና አምስት ሰው ጭኖ ከቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲወጣ የሚያቃስተው በዚሁ ምክንያት ነው። ቁልቁለቱ ግን ይብሳል፤ በዝቅተኛ ማርሽ ካልተወረደ ፍሬኑ ግሎ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል።

ዋናው ሥጋት የክብደት ልዩነት ነው። አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን መኪና ከ25 ቶን በላይ ከሚመዝን ባለ ጭነት ሲኖትራክ ጋር ፊት ለፊት ሲጋጭ፣ ከባዱ ብዙም ሳይገታ ትንሹ በቅጽበት ወደ ኋላ ይገፋል። ፍጥነት ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ ደግሞ የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት የፒያሳ መንገዶች መስፋታቸው መልካም ቢሆንም፣ ሰፊ መንገድ ፍጥነትን ይጋብዛል።

ስለዚህ የደህንነት ቀበቶ ለሾፌሩ ብቻ የሚተው አይደለም። በኋላ ወንበር ያለ ቀበቶ የተቀመጠ ሰው በግጭት ጊዜ ከፊቱ ያለውን ሊገድል ይችላል፤ በእናቱ ጭን ላይ ያለን ሕፃንም ክንድ አይዘውም።