ጀርባውን ለፕሮፔለሩ የሰጠ ሞተር

ስሙኝማ! አብራሪዎች ስለ ትዊን ኦተር ሲያወሩ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። መጀመሪያ ያማርራሉ፦ ጆሮ ያደነቁራል፣ ይንቀረፈፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ ብዙዎቹ አውቶፓይለት የላቸውም፣ ሽንት ቤትማ ጭራሽ አይታሰብም። እንዲህ ሲሉ ቆይተው ደግሞ ዓይናቸው እየበራ ያወድሱታል። ምክንያቱ አሁን ገባኝ፤ እናንተም ሳይገባችሁ አልለቃችሁም።

አውሮፕላኑ አዛውንት ነው። የካናዳው ደ ሃቪላንድ በ1965 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አበረረው፣ እስከ 1988 ድረስ ከ800 በላይ ሠራና አቆመ። በ2010 ደግሞ ቫይኪንግ ኤር ይባል የነበረ ሌላ የካናዳ ኩባንያ አዲስ ሞዴል ማስረከብ ጀመረ። አስራ ዘጠኝ መንገደኛ ይይዛል፤ ክንፉ ከላይ ነው፣ ጎማው አይታጠፍም። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በአንድ ወቅት ነበሩት።

አብራሪዎቹ ለመብረር ሲነሱ እጃቸው የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? ወደ ጣሪያው! የሞተር ጉልበት ማዘዣ ዘንጎቹ ያሉት ከራሳቸው በላይ ነው። ክንፉም ሞተሩም ከላይ ስለሆኑ ማገናኛው በአጭር መንገድ ይደርሳል። ቀላል ነገር፣ ግን ለለመደ ሰው እንኳ ክንድ ያደክማል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ። ሞተሩ ፒቲ6 ይባላል። ሲያስነሱት ልብ ብላችሁ ብታዩ፣ መጀመሪያ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ ፕሮፔለሩ ግን ገና ቆሟል። ፉጨቱ እየጨመረ ሲሄድ ፕሮፔለሩ ከእንቅልፉ እንደነቃ ቀስ ብሎ መዞር ይጀምራል። ሞተሩ እየሠራ ፕሮፔለሩ እንዴት ይቆማል?

ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አስቀምጡ፤ አንዱን ብቻ ሶኬት ላይ ሰኩ። ያልተሰካው ምን ይሆናል? በነፋሱ ብቻ ይዞራል! በቃ ይኸው ነው። ሞተሩ ውስጥ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ በመሃላቸው የሚያያይዛቸው ምንም ብረት የለም። አየር የሚገባው፣ ጉድ በሉ፣ ከሞተሩ የኋላ ጫፍ ነው። ወደ ፊት እየሄደ ይታመቃል፣ ከነዳጅ ጋር ይነዳል፣ ትኩሱ ጋዝም መጀመሪያ የራሱን ማመቂያ የሚያሽከረክረውን ተርባይን ይገፋል፤ ይህኛው በደቂቃ ከ37,000 ጊዜ በላይ ይዞራል! ከዚያ የተረፈው ጋዝ ብቻውን የቆመውን ሁለተኛ ተርባይን ይነፋዋል። የእሱን ፍጥነት ማርሽ ወደ 2,000 ገደማ አውርዶ ለፕሮፔለሩ ይሰጣል። ፎቶውን እዩት፦ የጭስ ማውጫዎቹ ከፕሮፔለሩ ጥቂት ኋላ፣ በሞተሩ የፊት ጫፍ በኩል ናቸው!

ይህ ሲገባኝ የአብራሪዎቹ ምክርም በራልኝ። የጉልበት ማዘዣ ዘንጉን ሲገፉ ጉልበቱ ትንሽ ይዘገያል፤ መጀመሪያ ነፊው፣ ማለትም የመጀመሪያው ተርባይን፣ መፍጠን አለበትና። ስለዚህ «ሳያስፈልግህ በፊት ጠይቀው» ይላሉ።

ስለ ክንፉ ደግሞ ባጭሩ። ለማረፍ ሲዘጋጁ የክንፉ የኋላ ጠርዝ፣ ፍላፕ የሚሉት፣ ወደ ታች ይታጠፋል። ሌሎች አውሮፕላኖችም እንዲህ ያደርጋሉ፤ የዚህኛው ግን አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድሉት አይሌሮኖች ጭምር አብረው ይወርዳሉ። ክንፉ ከዳር እስከ ዳር አየር ይይዛል፤ አውሮፕላኑም በጣም ዝግ ብሎ ሳይወድቅ ይበራል። ፍላፑ ሲወርድ አፍንጫው ሽቅብ ስለሚል መሪውን ወደ ፊት መግፋት ነው። መሪው በሽቦ የሚሠራ እንጂ በሃይድሮሊክ የሚታገዝ ስላልሆነ ክንድን ያሠራል። የሚያማርሩበት ክብደት ከዚሁ የመጣ ነው እንግዲህ! የካሪቢያኗ ሳባ ደሴት ማኮብኮቢያ ርዝመቱ 400 ሜትር ገደማ፣ ሁለቱም ጫፉ ገደል ነው፤ ትዊን ኦተር ግን መንገደኛ ጭኖ ያርፍበታል።

ጎማው መሬት ከነካ በኋላ አብራሪው የጉልበት ማዘዣ ዘንጉን እጀታ ጠምዝዞ ወደ ኋላ ይስባል። የፕሮፔለሩ ብሌዶች ማዕዘናቸውን ይቀይሩና አየሩን ወደ ፊት ይገፋሉ፤ አዟዟሩ አይቀየርም፣ ግፊቱ ብቻ ይገለበጣል!

በማልዲቭስ ጎማው በተንሳፋፊ ጀልባ ተተክቶ ውሃ ላይ ያርፋል። ውሃ ላይ ፍሬን የለም። አብራሪዎቹ፣ ብዙዎቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው፣ አንዱን ፕሮፔለር ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ እያዘዙ አውሮፕላኑን እዚያው ባለበት ያዞሩትና ከእንጨቱ መድረክ አጠገብ ያቆሙታል።