ዲኤክሷን በምን እንተካት?

እኛ ቤት ክርክሩ ይኸው ነው። ድሮ ቢሆን መልሱ ያገለገለች ቪትዝ ነበረች። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ኤክሳይስ ታክሱን ከፍ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው ቪትዝ ብታረጅም ዋጋዋ ቶሎ አይወርድም።

ኤሌክትሪኳስ? ከአምቦ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባትሪዋ 300 ትሄዳለች ቢባል እንኳ ዳገቱ፣ ጭነቱና የባትሪው እርጅና ይቀንሱታል። መብራት ከጠፋማ ቤት መሙላትም የለም። አባቴ «መንገድ ላይ ብትቆም ማን ይፈታታል?» ይላል፤ እውነቱን ነው። እንደኔ ግን ከጉደር ለማያልፍ ሰው ኤሌክትሪክ ታዋጣለች። በየሳምንቱ አዲስ አበባ የሚመላለስ ቪትዟን በሚያምነው መካኒክ አስፈትሾ ይግዛ።